የሚከሰስ ሰው

በዚያ ቤት ከቁርስ በፊት የሚጸልዩት ጋሼ በፍቃዱ ናቸው፤ ጸሎታቸውም የስም ጥሪ ይመስላል። መጀመሪያ ሚስታቸውን ወርቂቱን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን ኤልቤቴልን፣ ከዚያ የወንድማቸውን ልጅ ትንቢትን ይጠራሉ፤ የታመመ ጎረቤት ካለም እሱን ጨምረው «አሜን» ብለው ይቀመጣሉ። ትንቢት አባትና እናቷ ሞተውባት በልጅነቷ ከገደብ ወረዳ ወደዚህ ቤት ከመጣች ወዲህ ስሟ ሳይጠራ የቀረበትን ጠዋት አታስታውስም። ቤቱ ተኮራርፎ ባደረበት ቀን እንኳ፣ ኩርፊያውን የጀመረችው እሷ ራሷ ብትሆን እንኳ፣ «ትንቢትንም ጌታ ሆይ» የምትለዋ ቃል ቀርታ አታውቅም። የዚያን ዕለት ሐሙስ ግን ጋሼ ወርቂቱን ጠሩ፣ ኤልቤቴልን ጠሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ዝናቡ አመስግነው ተቀመጡ።

ኤልቤቴል አንድ ዓይኗን ከፍታ ትንቢትን አየቻት። እትዬ ወርቂቱ ያልሰሙ መስለው ሻይ መቅዳት ጀመሩ። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ በዚያ ቤት ከባድ ነገር ሁሉ የሚታለፈው በዝምታ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ተቀብቷል፤ ሶፋው በዳንቴል ተሸፍኖ እንግዳ ካልመጣ ዳንቴሉ አይነሳም። እትዬ ዝምታው ሲረዝም ወደ ዳቦው ዞሩ፤ አሥር ብር ገብቶ የሕፃን መዳፍ አህሏል፣ ከዚህ በላይ ቢያንስ በምን ሊያዝ ነው እያሉ አማረሩ። ትንቢት «ረስተውኝ ነው» ብላ ራሷን አጽናናች። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሰው ቢረሱ አይፈረድባቸውም። ጋሼ ግን ሻዩን ስኳር ሳይጨምሩበት ጠጡት፤ እሷንም ሳያዩ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሁልጊዜም በአንድ ባጃጅ ነው የሚሄዱት። ትንቢት በር ላይ ስትደርስ ባጃጁ ጭቃውን እየረጨ ጥጉን ታጥፎ ነበር። በእግሯ ወረደች።

የሚሠሩበት ካምፓኒ በዲላ ስማቸው ከሚጠራ ቡና ላኪዎች አንዱ ነው። ጋሼ በፍቃዱ የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ትንቢት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ቅጥሯም በየዓመቱ እንደ ቤት ኪራይ የሚታደስ ኮንትራት ነው። የአውሮፓ ገዢዎች «ይህ ቡና ደን ተመንጥሮ ያልተመረተ ለመሆኑ የበቀለበትን ማሳ በካርታ አሳዩን» ማለት የጀመሩ ጊዜ አለቆቹ ሲደነግጡ ሰንብተው በመጨረሻ የዞሩት ወደ እሷ ነበር። እሷም ኦፕን ሶርስ በሚባለው፣ የየአገሩ ባለሙያ በጋራ ሠርቶ ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በተወው ነፃ ሶፍትዌር ላይ አንድ ድረ ገጽ ሠራች። ገዢው ሐምቡርግ ቁጭ ብሎ የጆንያውን ቁጥር ሲያስገባ ቡናው ከማን ጓሮ እንደ ተለቀመ በካርታ ያያል። ነገሩ ሲሉት ቀላል ይመስላል። የጌዴኦ ቡና ግን እንደ ሌላው አገር በሰልፍ የቆመ አይደለም፤ ቡናው ከእንሰት ጋር ነው፣ ሁለቱም ከትልልቅ ዛፍ ሥር ናቸው፤ ስልክ ይዘው ከዚያ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ሳተላይቱ ይጠፋና ስልኩ የአንዱን ማሳ አንስቶ ከወንዝ ማዶ ይጥለዋል። ስለዚህ ትንቢት በሩን ክፍት ተወችው። በየቡና ማጠቢያ ጣቢያው ያለ ሠራተኛ፣ ገበሬው መጥቶ «ድንበሬ እዚህ አይደለም» ሲል እዚያው ያርመዋል፤ እሷም አይታ ታጸድቀዋለች። የወርቃ ጣቢያ ኃላፊ ለሚ ከሁሉም በላይ ይደውልላት ነበር፤ አንዳንዴ ገበሬውን ራሱን መስመር ላይ ያስገባና ሁለት ወንድማማቾች በስልክ ስለ አንድ ዋንዛ ሲከራከሩ ታዳምጣለች። ካርታው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ እውነቱ ይጠጋል። አለቀ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እሷም የምትወደው እንደዚያ ስለሆነ ነበር።

የዚያን ዕለት ኮሚቴው የሚሰበሰበው ይህ ድረ ገጽ ይቀጥል ወይስ ከአዲስ አበባ የመጣ ድርጅት የሚሸጠው የውጭ አገር ሲስተም ይገዛ የሚለውን ሊወስን ነው። የትንቢት ሥራ ከወደቀ ኮንትራቷም አብሮ ይወድቃል። ይህን ግቢው ውስጥ ያለ ዘበኛ ሳይቀር ያውቃል።

የስብሰባው አዳራሽ ከመጋዘኑ በላይ ስለሆነ የጆንያና የደረቀ ቡና ሽታ ከወለሉ ይወጣል። በአንድ ጥግ የቆሎና የውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል፤ ለራሳቸው ሰው የማይቀርበው ቆሎ እንግዳ ሲመጣ ይቀርባል። ከሻጩ ድርጅት የመጣችው አክሱማዊት የምትባል ወጣት ናት፤ ጫማዋ ነጭ ነበር፣ የዲላን ጭቃ ማንም ያልነገራት መሆኑ ያስታውቃል። ቪዲዮ አሳየች። በቪዲዮው ላይ የታዩት ማሳዎች ዛፍ የሚባል የሌለባቸው፣ በማስመሪያ የተሰመሩ ሜዳዎች ነበሩ፤ ቢጫ መስመር ይዞራቸውና አረንጓዴ ምልክት ይበራል። የኮሚቴው አባላት አረንጓዴው በበራ ቁጥር ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንቢት ተራዋ ደርሶ ገና ስትጀምር መብራት ሄደ። እሷም አልተጨነቀችም፤ የራሷን ስልክ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አዞረችው፤ የወርቃን ማሳዎች፣ የገደብን፣ ትናንት ማታ የታረመውን ሳይቀር አሳየቻቸው። አንዱ አባል የአጎቱን ጓሮ ፈልጎ አገኘና ሳቀ። ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀች። ይሠራል አሉ፣ ሁሉም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደመላሽ ክፉ ሰው አይደሉም። አባታቸው ከሸዋ ወርደው በጨው ንግድ የጀመሩ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በዲላ ተወልደው፣ ጌዴኦኛውን እንደ አገሩ ልጅ ይናገሩታል፣ የሠራተኛ ልቅሶም አይቀሩም። ለትንቢትም ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። የገዢው ባንክ የዚያን ድርጅት ስም ያውቀዋል፣ ኦዲተሩም ያውቀዋል፤ ያንቺን ግን ባወራነው ቁጥር «ማነው የሠራው?» ይሉናል አሉ። ደግሞም ነገ ብታገቢ፣ ብትታመሚ፣ አዲስ አበባ የተሻለ ደሞዝ ብታገኚ፣ የዚህን ነገር ሆድ ዕቃ የሚያውቅ ሌላ ሰው አለን ወይ? ይህኛው እውነት እንደ ሆነ ትንቢትም በልቧ አልካደችም። ረዳት ይቀጠርልኝ ብላ ሁለቴ ማመልከቷንና ሁለቴም በጀት የለም መባሏን ልታነሳ አሰበች፤ ግን ሁለቴም መልሱን የጻፉት ጋሼ ስለነበሩ ተወችው።

«መሥራቱንማ ማን ካደ» አሉ አቶ ደመላሽ። «እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ነገ አንድ ኮንቴነር ከሐምቡርግ ተመልሶ ቢመጣ፣ የማንን አንገት ነው የምይዘው?»

ትንቢት ለማስረዳት ሞከረች። ይህን ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው፣ ቀዳዳ ሲገኝ ተረባርቦ እንደሚደፍነው ነገረቻቸው። ፊታቸው እንዳልተፈታ ስታይ ወደሚያውቁት ነገር መጣች፦ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተሰብስበው የሚመክሩበት ሶንጎ የማንም የግል አይደለም፣ ማንም አይገዛውም፣ ማንም አይሸጠውም፤ ግን አጥሩ ሲዘም መንደሩ ሊያቀናው ይወጣል እንጂ ጥሎት የሄደ የለም አለች። ከአባላቱ መካከል ሁለቱ ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። ነገሩ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

አቶ ደመላሽ ፈገግ አሉ። «ሶንጎን አከብራለሁ። ግን ሶንጎን ማን ይከሰዋል?»

«እኔ አለሁ» አለች ትንቢት። «እኔ እጠየቃለሁ።»

«አንቺማ አለሽ የኔ ልጅ። አንቺን ከስሼ ምን አገኛለሁ? ላፕቶፕሽን?»

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ከልቅሶ ቤት በኋላ እንደሚሳቅ ያለ፣ የተጨነቀ ሰው የሚተነፍስበት ዓይነት ሳቅ ነው። ትንቢት ግን ሌላውን አላየችም፣ ጋሼ በፍቃዱን ነው ያየችው። ጋሼም ሳቁ። ጥርሳቸው አልታየም፣ ድምፅም አላወጡም፤ ትከሻቸው ብቻ ሁለት ጊዜ ተነቃነቀ። ወዲያው ድምፅ ይሰጥ ተባለ፤ የአዲሱን ሲስተም መገዛት የምትደግፉ ሲባል መጀመሪያ የወጣው እጅ የሳቸው ነበር። ያኔ የጠዋቱ ጸሎት ገባት። ሊጥሏት እያወቁ በእግዚአብሔር ፊት ስሟን መጥራት ከብዷቸው ነው። ጋሼ ለሰው ይዋሻሉ፣ ለእግዚአብሔር ግን ዋሽተው አያውቁም። ይህን ማወቋ ከመጽናናት ይልቅ የባሰ አቃጠላት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እሷ ግን ቢያንስ በገዛ ቤቷ እንደ መዳብ እቆጠራለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። ቀጥሎ የተባለው ሁሉ ከሩቅ ነው የተሰማት፦ እስከ ማታ ድረስ መረጃውን ለአክሱማዊት ታስረክብ፣ ኮንትራቷ ወሩ ሲያልቅ ያበቃል፣ ላደረገችውም ሁሉ ካምፓኒው ያመሰግናል።

ርክክቡ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ትንቢት ማሳዎቹን ከነገበሬዎቹ ስም፣ ከነድንበራቸው ወደ አዲሱ ሲስተም ስታሻግር አክሱማዊት አጠገቧ ቆማ ትመለከታለች፤ ለምሳ ሲሆን ዋናው መንገድ ላይ ካለው ጭማቂ ቤት ገቡ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ወደ ሞያሌ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ውሃውን እየሰነጠቁ ያልፋሉ። የአቦካዶው ጭማቂ ወፍራም ስለነበር በማንኪያ ነው የበሉት። አክሱማዊት ሰማንያ ብር መሆኑን ስትሰማ ቦሌ ይህንኑ በሁለት መቶ እንደምትጠጣው፣ ያውም በውሃ የቀጠነ እንደሆነ ነገረቻት። ሁለቱም እኩዮች ናቸው፣ የተማሩትም አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ቀን ቢገናኙ ጓደኛ ይሆኑ ነበር። ትንቢት ጠዋት ሲስተሙ አንዴ ስህተት አሳይቶ ሲቆም ከጀርባው ብቅ ያለው ጽሑፍ የምታውቀው መሆኑን ሳትደብቅ ነገረቻት። ከቀለሙ ሥር ያለው ያው እሷ የምትጠቀምበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። አክሱማዊት አልካደችም።

«እኛ የምንሸጠው ቀለሙንና ፊርማውን ነው» አለች። «ትልቅ ካምፓኒ ሲገዛ የሚገዛው እንቅልፍ ነው፤ ሶፍትዌሩንማ ማን ያየዋል።»

ትንቢት ከጠዋት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የዋለውን ጥያቄ አነሳች። አንድ ማሳ በስህተት ደን ውስጥ ሆኖ ቢገኝና ኮንቴነሩ ቢመለስ የእናንተ ድርጅት ይጠየቃል ወይ? አክሱማዊት ማንኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ ተወችው። የነሱ ድርጅት የሚጠየቀው ሲስተሙ ቢቆም እንደሆነ ነገረቻት። በውስጡ የገባው መረጃ የደንበኛው ነው፤ ደንበኛውም መረጃው ትክክል ስለመሆኑ አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ያስፈርማል፤ ይህ ካልተፈረመ ውሉ አይጸናም። ማነው የሚፈርመው አለቻት ትንቢት። አክሱማዊት ወደ ዝናቡ አየች።

«ብዙ ጊዜ መረጃውን የሰበሰበው ሰው ነው» አለች። «አትፈርሚ ልልሽ አልችልም። እኔም ደሞዝተኛ ነኝ።»

ሂሳቡን ማን ይክፈል ተባብለው ትንሽ ታገሉ፤ ትንቢት እንግዳዬ ነሽ ብላ ከፈለች። ከጭማቂ ቤቱ እንደ ወጡ ስልኳ ጮኸ። ለሚ ነበር፣ ከወርቃ። ለሚ አማርኛውን በኦሮምኛ ዜማ ነው የሚያወራው፣ ሲቸኩል ደግሞ ሴቱንም ወንዱንም ያቀላቅለዋል። «ትንቢትዬ፣ እዚህ አንድ እናት መጥቷል» አላት። ባሏ አምና የሞተባት ሴት ናት፤ ማሳውን ያስለካው ባሏ ነበር፤ አሁን ልጇ በስልክ ካርታውን ቢያይ ጓሯቸው ከበላዩ ካለው ደን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ያው የዛፉ ጥላ የሠራው ሥራ ነው። እንዲህ እንዳለ ገዢው ካየው የሴትየዋ ቡና ይጣላል፣ ደን መንጣሪም ትባላለች። ለሚ ሊያርመው ሞክሮ እንቢ ስላለው ነው የደወለው። ትንቢት ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልላ በስልኳ ገባች፤ ድረ ገጿ አሁን የሚወስደው ወደ አዲሱ ሲስተም ነው። በፊት እርሳስ የሚመስል ምልክት ከነበረበት ቦታ አሁን ትንሽ የተቆለፈ ጓጉንቸር ተስሏል። አክሱማዊትን ጠየቀቻት። መረጃው አንዴ ከገባ በኋላ ማረም የሚቻለው በጽሑፍ ማመልከቻ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ በክፍያ ነው አለቻት፤ ያም ውሉ ከጸና በኋላ ነው። ትንቢት አሁን መታረም እንደማይችል ለለሚ ነገረችው። ሴትየዋ ስልኩን ተቀብላ በጌዴኦኛ ሰላምታ ሰጠቻት፤ ጤናዋን ጠየቀቻት፣ የቤተሰቡን ጤና ጠየቀቻት፤ ስለ ማሳው አንድም ነገር አልተናገረችም፣ ሰላምታው ሲያልቅ ስልኩን ለለሚ መለሰችው። ትንቢት አፈረች። ባላጠፋችው ጥፋት እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ቤት ስትደርስ ገና አልጨለመም። ኤልቤቴል መኝታ ቤት ሆና ለፈተና ታጠናለች፤ እትዬ ወርቂቱ ጓዳ ናቸው፤ የጎመንና የቂቤ ሽታ መጥቷል፣ ቆጮውም ተጋግሯል። ጋሼ በፍቃዱ ከሶፋው ጫፍ፣ እንግዳ እንደሚቀመጠው ተቀምጠዋል። ዳንቴሉ ተነስቷል። ከፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀትና እስክርቢቶ አለ። ትንቢት ወረቀቱን ሳታነብ ምን እንደሆነ አወቀች፤ ጋሼ ግን ሕግ ማክበር ስለሚወዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላት። ያስረከበችው መረጃ ትክክልና የተረጋገጠ ነው፤ ስህተት ቢገኝበት ኃላፊዋ እሷ ናት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ርክክቡን ፈርሚልኝ» አሉ።

ትንቢት የወርቃዋን ሴት ነገረቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የባሏን መሞት፣ ጓሮው ደን ውስጥ መግባቱን፣ ላርመው ስትል የተዘጋባትን። ይህን እያወቅሁ ትክክል ነው ብዬ ልፈርም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ስንት አለ እንዲህ ያለ?» አሉ ጋሼ።

«አላውቅም። ለማወቅ ነበር በሩን ክፍት የተውኩት።»

ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ እንደሚያነሳ ሰው ተናገሩ። ነገ ጠዋት ካልተፈረመ ውሉ እንደሚፈርስ፤ ሰብሳቢው ያስፈርም ወይም ሰብሳቢው ይፈርም ብለው አቶ ደመላሽ እንዳስጠነቀቋቸው፤ የቀራቸው አንድ ዓመት እንደሆነ ነገሯት።  «የኔን ታውቂያለሽ» ብለው ጨረሱ።

ታውቃለች። ጋሼ የመጋዘን ኃላፊ በነበሩበት ዘመን ኮሚቴው ከአንድ የከተማ ሰው የቡና እርጥበት መለኪያ ገዝቶ ነበር፤ መለኪያው ተሳሳተ፣ ቡናው ወደብ ላይ ሻገተ። የሸጠው ሰው የት እንደ ገባ ጠፋ፣ የወሰኑት ሁሉ አልነበርንም አሉ፣ ተፈርሞበት የተገኘው ስም ግን የጋሼ ነበር። ነገሩ ተጣርቶ እስኪለቀቁ ድረስ በጋውን በእስር ቤት ነው ያሳለፉት። ትንቢት ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ስንቅ ይዛ የምትሄደው እሷ ነበረች፤ ኤልቤቴል አልተወለደችም፣ እትዬም በእርግዝና ታመው ነበር። በር ላይ ያለው ዘበኛ ቆጮውን በእንጨት እየወጋ ሲፈትሽ ትጠብቃለች፤ ጋሼ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሳህኑን ሲቀበሏት «በልተሻል?» ይሏታል፤ በልቻለሁ ትላለች፤ አንዳንድ ቀን አልበላችም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ በሰው ፊርማ ካልሆነ በራሳቸው ፊርማ ውሃ አይጠጡም። ትንቢት ይህን ስታስብ ንዴቷና ሐዘኗ አንድ ላይ መጡባት። ጠላቻቸው፤ አዘነችላቸውም። ጠዋት «እኔ አለሁ» ስትል የተሳቀባት ቃል ማታ ወረቀት ተዘጋጅቶለት ይጠብቃታል። ድረ ገጿን የጣሉት የሚከሰስ ሰው የለውም ብለው ነው፤ በብዙ ሺህ ዶላር የሚከሰስ ድርጅት ገዙ፤ ድርጅቱም አይከሰስ፣ ካምፓኒውም አይከሰስ፤ ዞሮ ዞሮ ላፕቶፕ ብቻ ያላት ሴት ተገኘች።

«እኔ ብታሰር ስንቅ ማን ያመጣልኛል ጋሼ?» አለች።

ጓዳ ውስጥ የሳህን ድምፅ ቆመ። ጋሼ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ እስክርቢቶውን አነሱ፤ መነጽራቸውን ግን አላደረጉም።  የእስክርቢቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ አድርጎ ከሚፈረምበት መስመር በላይ ትንሽ ጠብታ ተወ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። ትንቢት ያን እጅ አየችው። በልጅነቷ ሳህኑን በአጥሩ ቀዳዳ ስታቀብል የሚቀበላት እጅ ነው። እስክርቢቶውን ከጣታቸው ወሰደችው። ሳትቀመጥ፣ ጎንበስ እንዳለች ፈረመች፤ ከፊርማው ሥር ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ የአባቷን ስም ስትጽፍ፣ የሳቸውን ወንድም ስም፣ ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ። ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ሲያስገቡ አመሰግናለሁ አላሉም። ቢሉ ኖሮ ትንቢት ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

እራት ቀረበ። ኤልቤቴል ደብተሯን ትታ መጣች፤ ምን እንደ ሆነ አላወቀችም፣ የሁሉንም ፊት አየችና መጠየቁን ተወችው። እትዬ ወርቂቱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ጭሱ ነው አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ጎመኑን ለትንቢት አስበልጠው አወጡላት፤ ቂቤ ዘንድሮ የማይነካ ሆኗል፣ ቢሆንም ዛሬ ጨመር አድርጌበታለሁ አሉ። ጋሼ በፍቃዱ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልጃችንን ትንቢትን ጌታ ሆይ» ብለው ጀመሩ።

ከሚስታቸው አስቀድመው፣ ከገዛ ልጃቸው አስቀድመው ጠሯት። የእጇን ሥራ ባርክ አሉ። ከክፉ ሰው ጠብቃት፣ ከሐሰት ምስክር ጠብቃት፣ በፍርድ ፊት ብትቆም አንተ ቁምላት አሉ፤ ስሟን ደጋግመው ጠሩ፤ ጸሎቱ ረዘመ፣ ቆጮው ቀዘቀዘ። በዚያ ቤት አሜን ሳይባል ምግብ አይነካም፤ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። ጋሼ ለአራተኛ ጊዜ «ትንቢትን» ሲሉ ኤልቤቴል እንደ ጠዋቱ አንድ ዓይኗን ከፍታ አየቻት። ትንቢት ዓይኗን አልጨፈነችም። ቆጮውን ቆርሳ መብላት ጀምራ ነበር።